ቁጥር አይጻፍም

አቶ ወገኔ መልእክት የሚልኩት ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያው ሳይደራ ነበር። ዳንግላ ላይ የእህል መጋዘን አላቸው። ሚዛኑን ጠርገው፣ የመጀመሪያው ጆንያ ከመውጣቱ በፊት ልጃቸውን ሕይወትን ያቆሙበታል። የወጣውን ቁጥር ስልካቸው ላይ ይጽፉና ስልሳ ሦስት ሰው ወዳለበት የቴሌግራም ግሩፕ ይልኩታል፤ ከዚያ ወደ ሥራቸው።

እመቤት የመጀመሪያውን ቁጥር ያየችው እንጅባራ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ውስጥ፣ የአንድ ገበሬ የይዞታ ደብተር ስታባዛ ነው። ፈጥና አጠፋችው፤ ዓይኗ ግን ቀድሞ አንብቦታል። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ የራሷን ኪሎ አታውቅም፣ እንዳታውቅም ብዙ ደክማለች። ገበሬው ወረቀቱን ሲቀበላት ፊቷን አይቶ ያመማት ነገር እንዳለ ጠየቃት፤ ደክሞኝ ነው አለችው። ያ የማታውቃት ልጅ ቁጥር ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ተቀምጦ "አንቺስ?" ሲላት ዋለ። የምሳ ዕቃዋን ከፈተችው፣ መልሳ ዘጋችው።

ግሩፑ "ጎን ለጎን" ይባላል። የከፈተችው ባሕር ዳር ያለች ናርዶስ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ ከምግብ ጋር ጠብ ለገቡ ሰዎች፣ እህል አልቀምስ ላሉትም፣ ከጀመሩ ማቆም ላቃታቸውም። ሕጉ ጥቂት ነው። ኪሎ አይጻፍም፣ የተበላው አይቆጠርም፣ የሰውነት ፎቶ አይለጠፍም። ያልተጠየቀ ምክር አይሰጥም። ስለ ጾም ጥያቄ ያለው ወደ ንስሐ አባቱ ወይም ወደ ሐኪሙ ይሄዳል እንጂ እዚያ ላይ አይከራከርም። የሌላ ሰው ጉዳይ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነገርም። ቤተሰብ መግባት ይችላል፤ የሚገባው ግን ሊሰማ ነው። እመቤት ቀስ በቀስ ከሰው ጋር ቁጭ ብላ መብላት የጀመረችው በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ነው። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ አድሚን ሆናለች። ሕግ ያፈረሰን መልእክት ማጥፋት፣ ያፈረሰውን ሰው በውስጥ መስመር ማነጋገር የእሷ ሥራ ነው።

አቶ ወገኔ የገቡት በሰኔ መጨረሻ ነበር። ልጃቸው ፈተና ላይ ሳለች ወድቃ ሐኪም ቤት ስትወሰድ አንዲት ነርስ ናት ሊንኩን የሰጠቻቸው። ሌላው ሰው በቅጽል ስም ሲገባ እሳቸው ስማቸውን እስከ አያት ጽፈው፣ በጥር የፈረሰኞች በዓል ባጌጠ ፈረስ ላይ ተቀምጠው የተነሱትን ፎቶ ለጥፈው ገቡ። የመጀመሪያ መልእክታቸው ደብዳቤ ያህላል። የሁሉንም ጤና፣ የየቤተሰቡን ደህንነት፣ የክረምቱን አያያዝ ጠየቁ። ብዙ ሰው የልብ ምልክት አደረገላቸው። እመቤትም አድርጋለች። ከዚያ ቅዳሜ መጣ።

ቁጥሩን ካጠፋች በኋላ በውስጥ መስመር ጻፈችላቸው። አባቷ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው፤ ይቅርታ ጠይቃ ጀመረች፣ ይቅርታ ጠይቃ ጨረሰች። አቶ ወገኔ ወዲያው መለሱ፤ አለማወቅ ነው፣ ሁለተኛ ቁጥር ከእጃቸው አይወጣም። እውነትም አልወጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጣው መልእክት፣ ልጃቸው ካለፈው ሳምንት አንድ ጣሳ ዳጉሳ ያህል መጉደሏን የሚናገር ነበር።

ይህንንም አጠፋችውና ደወለች።

"ቁጥር አልጻፍኩም እኮ፣ ልጄ" አሉ አቶ ወገኔ፣ በእውነት ግራ ተጋብተው።

"ጋሽ ወገኔ፣ ጣሳውም ያው ነው።"

"ጣሳ እንዴት ቁጥር ይሆናል? የዳንግላ ጣሳና የቆሰበር ጣሳ መች አንድ ሆኖ ያውቃል?"

እንጅባራን እንደ ድሮ ሰው ቆሰበር ነው የሚሏት። እመቤት እንዳይሰሟት አፏን ይዛ ሳቀች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። ክፋት ቢኖራቸው ይቀላት ነበር። ክፉ ሰው አንድ ቁልፍ ተጭነው ከግሩፑ ያስወጡታል። እሳቸው ግን እያንዳንዱን ሕግ ተቀብለው፣ አመስግነው፣ በጎኑ ያልፉታል። ኪሎ አይጻፍም ስትላቸው ጣሳ ጻፉ፤ ጣሳም ይቅር ስትላቸው ልጅቷ ትናንት የቀመሰችው ለአንዲት ጫጩት እንደማይበቃ ጻፉ። የሰኔ ጾም ሲፈታ ትበላለች ብለው ተስፋ አድርገው እንደነበር፣ ጾሙ ተፈትቶም እሷ እንዳልፈታች ጻፉ። ሕይወት ስለ እሷ መጻፋቸውን ፈቅዳ እንደሆነ ስትጠይቃቸው ደግሞ ተገረሙ። ስለ ወለዷት ልጅ ማንን ነው የሚያስፈቅዱት?

የባሰው ግን የሰማያዊ ጉዳይ ነው። ሰማያዊ የምትባለው አባል ማን እንደሆነች፣ የት እንደምትኖር የሚያውቅ የለም። አንድ ማክሰኞ፣ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤተሰቧ ጋር ምሳ መቅረቧን በሁለት መስመር ጻፈች። ለእሷ ያ ሁለት መስመር ተራራ መውጣት ነው፤ ግሩፑ ላይ ያለ ሁሉ ያውቃል። ሰው ሁሉ "ሰምተንሻል" ሲላት አቶ ወገኔ ከሁሉ ይልቅ ደስ አላቸው። "ጎሽ የኔ ልጅ፣ በሞቴ ጨምሪ። ወፍረሽ ያሳየን" ብለው መረቋት።

ሰማያዊ ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን፣ ዘጠኝ ቀን።

እመቤት በአቶ ወገኔ ቦታ ሆና ልታስበው ሞክራለች። እሷም ያደገችው በዚሁ ቋንቋ ነው። እናቷ ከሰው ሁሉ ፊት አገላብጣ እያየች "ወፈርሽልኝ፣ ተመቸሽ" ስትላት ምርቃት ነበር፤ እመቤት ግን ያን ቀን ጓዳ ገብታ እራት የተወችውን አትረሳም። በሞቴ የተባለ ሰው ያልበላውን ይበላል፣ በሞቴ ያለውም ሰው ፍቅሩን ተናገረ ማለት ነው። እኚህ ሰው በእጃቸው ያለውን ፍቅር ሁሉ አውጥተው ነው የሰጡት። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ማወቋ ግን ሰማያዊን አልመለሰላትም።

ረቡዕ ዕለት ናርዶስ ደወለች። ለስለስ ያለች ሰው ናት፤ ያን ቀን ግን አልለዘበችም።

"እመቤት፣ ሰውዬውን እናስወጣቸው።"

"አንድ ቅዳሜ ስጪኝ።"

"ስንት ቅዳሜ ሰጠሁሽ? የእኔም ልብ ያዝንላቸዋል። ግን እሳቸውን ለማቆየት ስንት ሰማያዊ ነው የምናጣው?"

"እሳቸው ከወጡ ልጅቷ ከማን ጋር ትቀራለች? ከሚዛኑ ጋር ነው የምትቀረው።"

ናርዶስ ቅዳሜን ፈቀደች። በዚያ ጠዋት ቁጥር ወይም ቁጥር የሚመስል ነገር ከመጣ ግን ራሷ ታስወጣቸዋለች።

ሐሙስ ሙሉ ቀን እመቤት መልእክት ስትጽፍና ስታጠፋ ዋለች። "እባክዎ" ስትጨምርበት ይለሰልሳል፤ "አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ" ስትጨምርበት ጭራሽ ይጠፋል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ ማሽኑ በየጊዜው ወረቀት አፉ ውስጥ ይዞ ይቀራል። በመጨረሻ ጽሑፉን ትታ ደወለች፤ ሕይወትን መመዘን እንዲተዉ፣ ሥራውን ለሐኪም እንዲሰጡ ለመነቻቸው።

አቶ ወገኔ አቋርጠው አልተናገሩም። ጨርሳ ስትቆም ግን እንዲህ አሉ፤ "ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት እህል መዝኛለሁ። ነቀዝ ሲገባበትም፣ ሌባ ሲነካውም፣ እርጥበት ሲይዘውም የነገረኝ ሚዛኑ ነው። ያልመዘንኩትን ነገር እንዴት አድርጌ እጠብቀዋለሁ?"

እመቤት ተቆጣች። በሦስት ዓመት ውስጥ የተማረችው ሁሉ ለዚህች ጥያቄ አንድ ዓረፍተ ነገር አላበደራትም።

"አንቺ ድነሻል አይደል?" አሉ ቀጥለው። "ነይና ራስሽ ንገሪያት። ከቆሰበር ዳንግላ ምን አላት? በሞቴ።"

የግሩፑ ሰዎች በአካል እንዲገናኙ ናርዶስ ማወቅ አለባት፤ ይህም ሕግ ነው። እመቤት ይህን ነገረቻቸው። ሕይወትስ ፈቅዳለች ወይ ብላ ጠየቀች። ሊጠይቋት ሳይሆን ሊነግሯት እንዳሰቡ ከአነጋገራቸው ገባት። እምቢ ማለት ነበረባት። እሺ አለች።

ቅዳሜ ማለዳ መናኸሪያ ሄዳ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮቹን ጠይቃ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ለናርዶስ አልነገረችም። ለገዛ ራሷ፣ የምሄደው ወረቀት ልገዛ ነው አለች፤ እሷም አላመነችውም።

መጋዘኑ ከገበያው ጥግ ነው። ደጁ ላይ ጭቃ፣ ውስጡ የበቆሎና የጆንያ ሽታ። ሚዛኑ በሩ አጠገብ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያየው ቦታ ተቀምጧል፤ እህል የሚያመጣ ገበሬ እንዳይጠራጠር ታስቦ ነው እዚያ የተደረገው። ሀብቱ የሚባል ተሸካሚ ጆንያ ተደግፎ ቆሟል። ሕይወት የወንድሟን ጃኬት ለብሳ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ምን እንደምትመስል እመቤት ከዚያ በኋላ ለማንም አልተናገረችም።

አቶ ወገኔ እመቤትን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ትከሻዋን ስመው፣ የእናቷን ጤና፣ የቆሰበርን ዝናብ ጠየቁ። ወዲያው ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ይቺ ናት ያልኩሽ። እንዳንቺው ታማ የዳነችው።"

ሀብቱ ቀና ብሎ እመቤትን ከላይ እስከ ታች አያት። እንጅባራ ላይ ከእናቷ በቀር ማንም የማያውቀው ነገር፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የዳንግላ ገበያ ላይ ወጣ። እመቤት ጃንጥላዋን አጥፋ በሁለት እጇ ያዘች።

"እስኪ አንቺም ውጪና ትየው" አሉ አቶ ወገኔ ሚዛኑን በእጃቸው እያሳዩ። "የዳነ ሰው ስንት እንደሚሆን በዓይኗ ትየው።"

"ጋሼ፣ እንግዳዋን ከነጃንጥላዋ ነው?" አለ ሀብቱ፣ ሊያስቅ።

ማንም አልሳቀም። እመቤትን በኋላ ያስገረማት የአቶ ወገኔ ጥያቄ አልነበረም፤ የራሷ እግር ነው። ታላቅ ሰው አዝዟት እምቢ ብላ ስለማታውቅ ቀኝ እግሯ ተነስቶ ብረቱን ረገጠ። ቁጥሩ ሊወጣ ብልጭ ብልጭ አለ። ሕይወት ስልኳን አስቀምጣ ታያለች።

እመቤት እግሯን አወረደች። "አልወጣም" አለች።

አቶ ወገኔ ፈገግ አሉ። በአገሩ ልማድ ሰው የተጋበዘውን መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ጋባዡ አጥብቆ ሲለምን ነው እሺ የሚለው። "ኧረ በሞቴ፣ ምን ይሉኝታ ያስፈልጋል። ውጪ።"

"ይሉኝታ አይደለም፣ ጋሽ ወገኔ።" ከሚዛኑ አንድ እርምጃ ራቀች። "አልወጣም። ዛሬ ወጥቼ ባየው ነገ እበላ እንደሆነ አላውቅም። ይሄን ያህል ነው የዳንኩት።"

"ታዲያ መዳንሽን በምን አወቅሽ?"

"ሐኪሙ ያውቃል። የሚመዝነኝ እሱ ነው፤ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ። ቁጥሩን እሱ ያየዋል፣ እኔ አላየውም። አልጠይቀውም፣ አይነግረኝም።"

"ሳያዩት!" አሉ አቶ ወገኔ። "ታዲያ ምኑን ተመዘኑት?"

ሕይወት ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። አባቷን ሳይሆን እመቤትን ነው ያየችው። "እንደዛ ይቻላል?"

"ይቻላል።"

"አይቼው አላውቅም ማለት ይቻላል?"

"ይቻላል" አለች እመቤት።

ሕይወት ከጆንያው ወርዳ በሚዛኑ አጠገብ አልፋ ወጣች። አቶ ወገኔ እጃቸውን ዘርግተው ሊይዟት አሉና ተዉት። ሁለት ገበሬዎች አህያ አስከትለው ደርሰው ነበር፤ አቶ ወገኔ ሀብቱን በቁጣ ጠርተው፣ ሳይጠብቁት ጆንያውን ራሳቸው አንስተው ሚዛኑ ላይ ጣሉት። እመቤት ስትሰናበታቸው "በይ ደህና ግቢ" አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ምሳ በልተሽ ሂጂ አላሉም። ለዚያ አገር ሰው ከዚህ በላይ ቅያሜ የለም።

ሕይወት እስከ ባጃጅ መያዣው ሸኘቻት። ጭቃውን እየዘለሉ ሄዱ። ባጃጁ ሲቆም ልጅቷ ጠየቀች፤ "ግሩፑ ላይ ስለ እኔ ጽፏል?"

እመቤት መዋሸት አልፈለገችም። "ጽፈዋል። ቁጥሩን ሁሉ አጥፍቼዋለሁ።"

"ሳይጠፋ ስንት ሰው አየው?"

እመቤት አላወቀችም። ቢያንስ አንድ ሰው፣ እሷ ራሷ፣ አይታዋለች፤ እሱን መናገር ግን አልቻለችም። ሕይወት መልሱን ከፊቷ ላይ አንብባው መሆን አለበት፣ ቻው ሳትል ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ እንጅባራ ስትደርስ ሁሉንም ለናርዶስ ደውላ ተናገረች፤ የሄደችበትን፣ የሆነውን፣ እግሯን ሳይቀር። ናርዶስ ከልብ ሰማቻት፣ አጽናናቻትም። ከዚያ ለሁለት ወር ከአድሚንነት እንደምትነሳ ነገረቻት። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ጋ፣ ልጅቷ ሳትጠየቅ፣ ማንም ሳያውቅ ሄዳለች።

"እሳቸውስ?" አለች እመቤት።

"እሳቸው ዛሬ ምንም አልጻፉም። ምንም ያልጻፈን ሰው በምን ላስወጣው?"

እመቤት ከንዴቷ የተነሳ ሳቀች። ስለ መገናኘት በወጣው ሕግ ላይ ባለፈው ጥቅምት ድምፅ ሲሰጥ እጇን መጀመሪያ ያወጣችው እሷ ናት። ትክክል መሆኑን ታውቃለች፤ ትክክል መሆኑ ነው ያናደዳት። ሳምንቱን ሙሉ ከማሽኑ ጋር ስትጣላ ከረመች። ለአቶ ወገኔ አልደወለችም፣ እሳቸውም አልደወሉም። ሰማያዊም አልተመለሰችም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በዚያው በተለመደው ሰዓት፣ ስልኳ ድምፅ አሰማ። የአቶ ወገኔ ፈረስ ብቅ አለ። አውራ ጣቷ በልማድ ወደ ማጥፊያው ሄደ፤ ማጥፊያው የለም። ማንበብ ብቻ ነው የቀራት።

"ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ልጄ ስለ እሷ እንዳልጽፍ ነግራኛለች፣ ስለዚህ ስለ ራሴ ነው የምጽፈው። ዛሬ ሚዛኑ ላይ ያወጣሁት ጆንያ ብቻ ነው። ሐሙስ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር፤ ከማን ጋር እንደሄድኩ አልናገርም። እዚያ የተመዘነ ሰው ነበረ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የተመዘነው። እኔንም ሐኪሙ ፊትዎን ያዙሩ አለኝ፣ እሺ አልኩ። አላስቻለኝም፣ አየሁት። አልጻፍኩትም። ለእናቷም አልነገርኩም። ይዤው እዞራለሁ፣ እንቅልፍ ነሳኝ። እናንተ እንዲህ ያለውን ነገር የት ነው የምታስቀምጡት?"

"ምን አሳያቸው!" አለች እመቤት ብቻዋን፣ ጮክ ብላ። ፎቶ ኮፒ የሚጠብቀው ሰውዬ ዞር ብሎ አያት።

ልትቆጣ ጻፈች፣ አጠፋችው። ለሐኪሙ ይንገሩት ብላ ጻፈች፣ እሱንም አጠፋችው። ከዚያ ልብ አለች፤ አቶ ወገኔ ከገቡ ወዲህ ግሩፑን ስለ ራሳቸው ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። የተጠየቀ ሰው መመለስ ይችላል። መልሱ ግን እሷም ጋ የለም፤ የመጀመሪያው ቅዳሜ ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ ጭንቅላቷ ውስጥ ከነወዙ ተቀምጧል።

"እኔም አንድ ይዣለሁ፣ ጋሽ ወገኔ" ብላ ጻፈች። "እስካሁን ማስቀመጫ አላገኘሁለትም።"

ላከችው። ኔትወርክ አልነበረም፤ ከመልእክቱ ጎን ትንሿ ሰዓት መዞር ጀመረች። እመቤት ስልኩን ይዛ በሩ ላይ ወጣችና ዝናቡ ሥር እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ሰውዬው ከውስጥ ማሽኑ ወረቀቱን እንደያዘበት ነገራት። መጣሁ አለችው፣ አልሄደችም።